ትርፍ ቦታ ብክነት አይደለም፤ ኤስኤስዲን እስከ አፍ ገደፉ የመሙላት ልማድ ሲመረመር

በኮምፒውተር ተጠቃሚዎችና በመሥሪያ ቤት ግዢ ክፍሎች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፤ እርሱም ገንዘብ የተከፈለበት የማከማቻ ቦታ እስከ መጨረሻዋ ጊጋባይት ካልተሞላ ባክኗል የሚል ነው። ይህ እምነት ኤስኤስዲ በሚባለው፣ የሚሽከረከር ሰሌዳ በሌለውና መረጃን በፍላሽ ቺፕ ውስጥ በሚይዘው ማከማቻ ላይ ሲደርስ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ምክንያቱም የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ዕቃ ቢሞላም ባይሞላም ፍጥነቱ አንድ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ባዶ ቦታ መተው ከሃርድ ዲስክ ዘመን የተረፈ አላስፈላጊ ጥንቃቄ ተደርጎ ይቆጠራል። እምነቱ ግን ስሕተት ነው። በኤስኤስዲ ውስጥ ያለ ትርፍ ቦታ የማከማቻውን የጽሕፈት ፍጥነት፣ የምላሹን ወጥነትና የዕድሜውን ርዝመት በቀጥታ የሚወስን የሥራ ክፍል ነው፤ እርሱን ጠቅጥቆ የሚሞላ ሰው ቆጠብሁ ሲል ከከፈለው ዋጋ ከፊሉን በገዛ እጁ ይጥላል።

እምነቱ ያለ ምክንያት አልተነሣም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ራማክ የተባለውን፣ ለንግድ የቀረበ የመጀመሪያውን ባለ ሃርድ ዲስክ ኮምፒውተር ካስተዋወቀ ወዲህ፣ ኮምፒውተሮች ዲስክን ሲያውቁት የኖሩት አድራሻ የተሰጣቸው ትንንሽ ክፍሎች ስብስብ አድርገው ነው። በአንዱ ክፍል ያለ መረጃ ሲለወጥ አዲሱ በአሮጌው ላይ፣ በዚያው ስፍራ ይጻፋል፤ የማግኔት ሰሌዳ አዲስ መረጃ ለመቀበል አስቀድሞ መጥፋት አያስፈልገውም። ስለዚህ የሃርድ ዲስክ ባዶ ክፍል በእርግጥም የሚሠራው ሥራ የለም፤ ዲስኩ ሲሞላ የሚታየው መዘግየትም ፋይሎች ተቆራርጠው በየቦታው ስለሚበተኑና የሰሌዳው ውስጠኛ ክብ በአንድ ዙር የሚያሳልፈው መረጃ ከውጨኛው ስለሚያንስ የሚመጣ ነው። ሁለቱም ምክንያቶች ከመሽከርከር ጋር የተያያዙ በመሆናቸው፣ «መሽከርከር ከቀረ መሙላት ምን ይጎዳል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይመስላል። ጥያቄው ግን ዋናውን ነገር ይዘለዋል፤ ኤስኤስዲ ከኮምፒውተሩ ጋር ለመግባባት ሲል የሃርድ ዲስክን መልክ ይዞ ቢቀርብም፣ ውስጡ የሚተዳደረው ፈጽሞ በሌላ ሕግ ነው።

ያ ሕግ ከፍላሽ ቺፕ ተፈጥሮ የሚመነጭ ነው። ፍላሽ በጃፓኑ ኩባንያ በቶሺባ ውስጥ ይሠራ በነበረው በፉጂዮ ማሱኦካ የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ዛሬ በኤስኤስዲ ውስጥ የሚገኘው ናንድ የተባለው ዓይነት በሙያ ጉባኤ ላይ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በናንድ ፍላሽ መረጃ የሚነበበውና የሚጻፈው ገጽ በሚባል መጠን ነው፤ አንድ ገጽ በአሁኑ ጊዜ ብዙውን ጊዜ 16 ኪሎባይት ገደማ ይይዛል። አንድ ጊዜ የተጻፈበት ገጽ ግን እንደገና ሊጻፍበት የሚችለው ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው፤ ማጥፋት ደግሞ በገጽ ሳይሆን ብሎክ በሚባል፣ በመቶዎችና ከዚያም በላይ የሚቆጠሩ ገጾችን በሚያቅፍ ትልቅ ክፍል ይፈጸማል። የሦስቱ ተግባራት ጊዜም እጅግ ይራራቃል፤ ማንበብ በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮሰከንድ፣ መጻፍ በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮሰከንድ፣ ማጥፋት ደግሞ ሚሊሰከንዶች ይፈጃል። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ማጥፋት ሕዋሳቱን ጥቂት ጥቂት እያዳከመ ስለሚሄድ፣ አንድ ብሎክ በዕድሜው ሊሸከም የሚችለው የማጥፋት ብዛት የተወሰነ ነው።

ከእነዚህ ግዴታዎች የተነሣ ኤስኤስዲ አሮጌውን መረጃ በቦታው ላይ አይለውጥም። ኮንትሮለሩ፣ ማለትም የማከማቻውን ሥራ የሚመራው ቺፕ፣ አዲሱን መረጃ አስቀድሞ በጠፋና ባዶ በሆነ ገጽ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያም ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚታየውን አድራሻ በፍላሹ ላይ ካለው እውነተኛ ስፍራ ጋር በሚያገናኘው ሠንጠረዥ ላይ አድራሻውን ወደ አዲሱ ገጽ ያዞራል። አሮጌው ገጽ ሞቷል፤ ቢሆንም ብሎኩ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ ቦታ እንደያዘ ይቆያል። ባዶ ብሎኮች እያነሱ ሲመጡ ኮንትሮለሩ ጽዳት ይጀምራል፤ ባለሙያዎች ጋርቤጅ ኮሌክሽን የሚሉት ይህ ሥራ ብዙ የሞቱ ገጾች ያሉበትን ብሎክ መርጦ፣ በውስጡ የቀሩትን ሕያው ገጾች ወደ ሌላ ባዶ ብሎክ መቅዳት፣ ከዚያም የተመረጠውን ብሎክ ማጥፋት ነው። ዕቃ በታጨቀበት ጓዳ ውስጥ ከሥር ያለውን ለማውጣት ከላይ ያለውን የሚያሳርፉበት ባዶ ወለል እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ ይህም ሥራ መገልበጫ ቦታ ከሌለው ሊከናወን አይችልም። ትርፍ ቦታ የሚባለው እንግዲህ ይህ መገልበጫ ነው።

የመገልበጫው ስፋት ለምን ያን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ቀላል ስሌት ያሳያል። መቶ ገጾች ባሉት ብሎክ ውስጥ ሃምሳዎቹ ሕያው ቢሆኑ፣ ለተጠቃሚው ሃምሳ ገጽ ነጻ ለማድረግ ኮንትሮለሩ ሃምሳ ገጽ መቅዳት አለበት፤ ተጠቃሚው ለሚጽፈው እያንዳንዱ ገጽ ፍላሹ ላይ ሁለት ገጽ ይጻፋል ማለት ነው። ሕያዎቹ ሰማንያ ሲሆኑ ሃያ ገጽ ለማትረፍ ሰማንያ ይቀዳል፤ ብዜቱ አምስት ይሆናል። ዘጠና ሲደርሱ ደግሞ አሥር ገጽ ለማግኘት ዘጠና ስለሚቀዳ ብዜቱ አሥር ይደርሳል። የጽሕፈት ብዜት የሚባለው ይህ ቁጥር ቀስ እያለ በእኩል እርምጃ የሚያድግ አይደለም፤ ጥበቱ ሲጠና በድንገት ወደ ላይ የሚወረወር ነው። ለጽዳት የሚመረጠው ብሎክ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ የሞቱ ገጾች ያሉት ስለሆነ፣ በውስጡ ያለው የሕያው ገጽ ድርሻ ከጠቅላላው የማከማቻው ሙላት ያነሰ ነው፤ ሆኖም ሙላቱ ሲጨምር የሚመረጠውም ብሎክ በሕያው ገጽ እየተጨናነቀ መምጣቱ አይቀርም።

ከዚህ ብዜት ሦስት ጉዳቶች በአንድነት ይመነጫሉ። አንደኛው የፍጥነት ነው፤ ፍላሹ በሰከንድ ሊጽፍ የሚችለው መጠን የተወሰነ በመሆኑ፣ ብዜቱ አምስት በሆነበት ማከማቻ ከዚያ አቅም ለተጠቃሚው የሚደርሰው አንድ አምስተኛው ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው የዕድሜ ነው፤ ተጠቃሚው ያልጠየቀው ጽሕፈትም ሕዋሳቱን እንደተጠየቀው ጽሕፈት ሁሉ ያደክማቸዋል። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው የምላሽ ወጥነት ጉዳት ነው፤ አንድ ትንሽ የንባብ ጥያቄ በመጣበት ቅጽበት ቺፑ በቅጂ ወይም በማጥፋት ሥራ ተይዞ ከሆነ፣ በማይክሮሰከንዶች ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ሚሊሰከንዶችን ይጠብቃል። የጉግል ባለሙያዎች የሆኑት ጄፍ ዲንና ሉዊዝ አንድሬ ባሮሶ እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ ትልልቅ የኮምፒውተር ሥርዓቶች የምላሽ መዘግየት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የኤስኤስዲ ጽዳት መጠነኛ ጽሕፈት ባለበት ሁኔታ እንኳ የንባብን ጊዜ በመቶ እጥፍ ሊያራዝም እንደሚችል ጠቅሰዋል። ስለዚህ «የማነበው ብቻ ነው፤ ጽሕፈት አይነካኝም» የሚለው መከላከያ አይጸናም፤ ያው ማከማቻ ከጀርባ የሚጻፍበት እስከሆነ ድረስ አንባቢውም የጽዳቱን ዕዳ አብሮ ይከፍላል።

ይህ ሁሉ በቅርቡ የተደረሰበት ግኝት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ሜንደል ሮዘንብለምና ጆን አውስተርሃውት ኤስኤስዲ በየቤቱ ከመግባቱ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ መረጃን ሁልጊዜ በአዲስ ስፍራ የሚጽፍ የፋይል ሥርዓት ሲነድፉ፣ የጽዳት ወጪ ከዲስኩ ሙላት ጋር እንዴት እንደሚንር በስሌት አሳይተው ነበር። በዙሪክ የሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንኑ ጥያቄ በፍላሽ ላይ በቀጥታ መርምረው የጽሕፈት ብዜት ከትርፍ ቦታ መጠን ጋር ያለውን ትስስር ተንትነዋል። በቀጣዩ ዓመት ራጂቭ አጋርዋልና ማርከስ ማሮው ያቀረቡት ቀመር ደግሞ ለማንም ሰው የሚገባ ነው፤ ትርፍ ቦታው ለተጠቃሚው ከሚታየው ቦታ ጋር ያለው ምጣኔ ከታወቀ፣ አንድን በዚያ ምጣኔ ላይ ደምሮ ውጤቱን ለምጣኔው ሁለት እጥፍ በማካፈል፣ ጽሕፈቱ በዘፈቀደ ወደ የአድራሻው ለሚበተን ሥራ ግምታዊ ብዜቱ ይገኛል።

ቀመሩን ወደ ተጨባጭ ዕቃ ማምጣት የክርክሩን ክብደት ያሳያል። 1000 ጊጋባይት ተብሎ የሚሸጥና በውስጡ 1024 ባለ ሁለትዮሽ ጊጋባይት ፍላሽ ያለው ኤስኤስዲ ቢወሰድ፣ የፍላሹ ትክክለኛ መጠን በአሥርዮሽ ሲቆጠር 1099.5 ጊጋባይት ያህል ስለሆነ፣ ተጠቃሚው እስከ ጫፍ በሞላው ጊዜ የሚቀረው ትርፍ 10 በመቶ አይሞላም፤ ብዜቱም በቀመሩ 5.5 ገደማ ይሆናል። ተጠቃሚው 100 ጊጋባይት ባዶ ቢተውና ያ ባዶነት ለኮንትሮለሩ ቢታወቅ፣ ምጣኔው ወደ 22 በመቶ ከፍ ብሎ ብዜቱ ወደ 2.8 ይወርዳል። 200 ጊጋባይት ቢተው ምጣኔው 37 በመቶ፣ ብዜቱ 1.8 ያህል ይሆናል። የቦታው አንድ አምስተኛ በመተዉ ብቻ ያው ዕቃ፣ ያው ቺፕና ያው ኮንትሮለር የውስጥ ጽሕፈቱን በሦስት እጅ ይቀንሳል ማለት ነው። የመጀመሪያዋ መቶ ጊጋባይት ከሁለተኛዋ ይልቅ ብዙ እንደጠቀመችም ከስሌቱ ይታያል፤ እጅግ ውድ የሆነው ቦታ ተጠቃሚዎች አብዝተው የሚጓጉለት፣ የመጨረሻው ቦታ ነው።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ «አምራቹ አስቀድሞ የተሰወረ ቦታ ስላስቀመጠ ተጠቃሚው ሌላ መተው አያስፈልገውም» የሚል ነው። አምራቹ ማስቀመጡ እውነት ነው፤ ይሁንና የቦታው መጠን ከየት እንደመጣ መመርመር ይገባል። ፍላሽ ቺፖች የሚሠሩት በሁለትዮሽ ቁጥር፣ ኤስኤስዲ የሚሸጠው ደግሞ በአሥርዮሽ ቁጥር በመሆኑ፣ 256 ባለ ሁለትዮሽ ጊጋባይት ፍላሽ ይዞ 256 ጊጋባይት ተብሎ በሚሸጥ ዕቃ ውስጥ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል 7.37 በመቶ ልዩነት ይገኛል፤ በብዙ የተራ ተጠቃሚ ኤስኤስዲዎች ውስጥ የአምራቹ ትርፍ ቦታ በመሠረቱ ይህ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ከዚህችው ላይ ደግሞ ከፋብሪካ ጀምሮ የተበላሹ ብሎኮችን መተኪያ፣ በአገልግሎት ዘመን የሚሞቱትን መጠባበቂያ፣ የአድራሻ ሠንጠረዡንና የኮንትሮለሩን የራሱን ፕሮግራም ማስቀመጫ ይወጣል። ለጽዳት የሚተርፈው መገልበጫ እንግዲህ ከ7.37 በመቶውም ያነሰ ሊሆን ይችላል።

አምራቾች ራሳቸው ይህ እንደማይበቃ እንደሚያውቁ የሰርቨር ገበያቸው ይመሰክራል። ለሰርቨር የሚሠሩ ኤስኤስዲዎች በአብዛኛው በሁለት መስመር ይቀርባሉ፤ ንባብ ለሚበዛበት ሥራ 3.84 ቴራባይት፣ ጽሕፈትና ንባብ ለተቀላቀለበት ሥራ ደግሞ 3.2 ቴራባይት፤ 1.92 እና 1.6፣ 7.68 እና 6.4 የሚሉት ጥንዶችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በብዙ ምርቶች ዘንድ ሁለቱ የሚለያዩት ለገዢው በተገለጠው የቦታ መጠን ነው። የመጀመሪያው መስመር በተለመደው ውል ለ5 ዓመት በየቀኑ ሙሉ መጠኑን አንድ ጊዜ ለመጻፍ ዋስትና ሲሰጠው፣ ሁለተኛው ሦስት ጊዜ ይሰጠዋል። ስሌቱ ሲሠራ ባለ 3.84ው በ5 ዓመት 7,008 ቴራባይት፣ ባለ 3.2ው ግን 17,520 ቴራባይት መጻፍ ይፈቀድለታል። ከቦታው አንድ ስድስተኛውን የተወ ገዢ የሁለት እጥፍ ተኩል የጽሕፈት ዕድሜ አገኘ ማለት ነው። ትርፍ ቦታ ብክነት ቢሆን ኖሮ፣ ወጪና ገቢውን አብጠርጥሮ የሚያሰላ የመረጃ ማዕከል ትንሹን ማከማቻ ባልመረጠ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ በትሪም ላይ ይደገፋል። ትሪም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ፋይል ሲሰረዝ የትኞቹ አድራሻዎች እንደማይፈለጉ ለኮንትሮለሩ የሚያስታውቅበት ትእዛዝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው በዊንዶውስ 7 እና በ2010 በወጣው በሊኑክስ ከርነል 2.6.33 ተግባራዊ ሆኗል። ከትሪም በፊት ኮንትሮለሩ የተሰረዘውን ፋይል እንደ ሕያው መረጃ ከብሎክ ወደ ብሎክ ሲያጓጉዝ ይኖር ስለነበር፣ ትእዛዙ ትልቅ መሻሻል እንዳመጣ አያከራክርም። ነገር ግን ትሪም ቦታን አይፈጥርም፤ የሚያደርገው ባዶ ሆኖ ያለውን ቦታ ለኮንትሮለሩ ማሳወቅ ብቻ ነው። እስከ አፍ ገደፉ በሞላ ማከማቻ ላይ የሚነገር ባዶነት የለም። ከዚህም በላይ ትእዛዙ በመንገድ ላይ የሚቀርባቸው ብዙ ሁኔታዎች አሉ፤ በሊኑክስ ዲኤም-ክሪፕት የተባለው የምስጠራ ሥርዓት ለምስጢር ጥበቃ ሲል ካልተፈቀደለት በቀር ትሪምን አያሳልፍም፤ በዩኤስቢ ከሚያገናኙ ሣጥኖችና ዲስኮችን በአንድነት ከሚያስተዳድሩ የሬይድ ካርዶች መካከልም ብዙዎቹ ትእዛዙን ወደ ኤስኤስዲው አያደርሱም። በእነዚህ ሁኔታዎች ውስጥ ተጠቃሚው በስክሪኑ ላይ ግማሽ ባዶ ሆኖ የሚያየው ማከማቻ ለኮንትሮለሩ ሙሉ በሙሉ የተያዘ ነው። መፍትሔው ከመጀመሪያው ከክፍልፍል፣ ማለትም ለፋይሎች ማስቀመጫ ከተመደበው ክልል፣ ውጭ የተተወና ፈጽሞ ያልተጻፈበት ቦታ ነው፤ እርሱ የማንንም መልእክት ሳይጠብቅ ለጽዳት ሥራ ይውላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከፈጣን ካሽ ይነሣል። በአንድ ሕዋስ ሦስት ወይም አራት ቢት የሚይዙ ፍላሾች ለመጻፍ ዘገምተኛ ስለሆኑ፣ አምራቾች ከፍላሹ ከፊሉን በአንድ ሕዋስ አንድ ቢት ብቻ እንዲይዝ አድርገው እንደ ፈጣን መቀበያ ይጠቀሙበታል፤ መረጃው በኋላ፣ ማከማቻው ሥራ ሲፈታ፣ ወደ ዘገምተኛው ክፍል ይዛወራል። «ካሹ ስለሚሸፍነው ተጠቃሚው ምንም አይሰማውም» የሚሉ ሰዎች ካሹ ራሱ ከየት እንደተሠራ አይጠይቁም። ካሹ በአብዛኛው የሚሠራው ከባዶው ቦታ ነው፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2018 ለገበያ የቀረበው የኢንቴል 660ፒ ጥሩ ማስረጃ ነው። በሕዋስ አራት ቢት የሚይዘው ይህ ኤስኤስዲ በ1 ቴራባይት መጠኑ ባዶ ሳለ እስከ 140 ጊጋባይት የሚደርስ ካሽ አለው፤ እየሞላ ሲሄድ ግን ካሹ እየጠበበ መጥቶ ወደ 12 ጊጋባይት ይወርዳል። በሣጥኑ ላይ የሚነገርለት በሰከንድ 1800 ሜጋባይት የሚደርስ የጽሕፈት ፍጥነት የሚታየው መረጃው ካሹ ውስጥ እስካረፈ ድረስ ሲሆን፣ ካሹ ሲያልቅ ፍጥነቱ ወደ 100 ሜጋባይት አካባቢ ይወድቃል፤ ይህም ሃርድ ዲስክ ከሚጽፍበት ፍጥነት እምብዛም የማይሻል፣ አንዳንዴም የሚያንስ ነው። እንግዲህ ካሽ ለመሙላት ልማድ መከላከያ ሊሆን አይችልም፤ ይልቁንም መሙላት አስቀድሞ የሚያጠፋው እርሱን ነው።

አራተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብድ ስለሆነ ሙሉ ክብር ይገባዋል፤ እርሱም «አብዛኛው ሰው ሰነድ ጽፎ፣ ኢንተርኔት ተመልክቶ፣ ፎቶ አስቀምጦ የሚውል ስለሆነ ልዩነቱን በዕድሜው አያየውም» የሚለው ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። በዓመት ጥቂት የሚጻፍበት፣ በአብዛኛው የሚነበብና ረጅም የዕረፍት ጊዜ የሚያገኝ ማከማቻ ጽዳቱን በዕረፍቱ ይጨርሳል፤ ፊልሞች አንድ ጊዜ ተጭነውበት ለዓመታት የሚነበብ ኤስኤስዲም ቢሞላ የሚጎዳው ነገር ጥቂት ነው። ፋይሎች በትልልቁና በተከታታይ ሲጻፉና ሲሰረዙም አንድ ብሎክ በአንድነት ስለሚሞት የጽሕፈት ብዜቱ ዝቅተኛ ሆኖ ይቆያል። ነገር ግን ይህ እውነት ጠባብ ነው። ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ባለቤቱ ባያዘውም ማሻሻያ ያወርዳል፣ ማውጫ ያዘጋጃል፣ ሜሞሪ ሲጠበው ወደ ማከማቻው ይጽፋል፤ ብሮውዘሩ በየደቂቃው ትንንሽ ፋይሎችን ይለውጣል። ይህ ሁሉ ቀመሩ የሚናገርለትን የተበታተነ ጽሕፈት ይመስላል። በዚህ ላይ ማከማቻቸውን የሚሞሉት ከሁሉ ይልቅ በጀታቸው ጠቦ 128 ወይም 256 ጊጋባይት የገዙ ሰዎች ናቸው፤ ትንሽ ኤስኤስዲ ደግሞ በትይዩ የሚሠሩ ቺፖቹ ጥቂት፣ ካሹም ጠባብ ስለሆነ ጥበቱን የመቋቋም አቅሙ አናሳ ነው። «ማንም አያየውም» የሚባለው ጉዳት በእርግጥ የሚያርፈው ዕቃውን ለመተካት አቅም በሌለው ሰው ላይ ነው።

ልማዱን መቃወም ግን በሌላ ልማድ መተካት ማለት እንዳልሆነ ግልጽ መሆን አለበት። «ሁልጊዜ 20 በመቶ ይተው» ወይም «10 በመቶ ይበቃል» የሚሉት ደንቦች እንደ መነሻ ቢጠቅሙም፣ ለሁሉ ሥራ የሚስማማ አንድ ቁጥር የለም። ቀኑን ሙሉ በተበታተነ አድራሻ ለሚጽፍ ዳታቤዝ 20 በመቶ ሊያንስ፣ ለማኅደር ማከማቻ ደግሞ 5 በመቶ ሊበዛ ይችላል። በክፍልፍል ውስጥ ያለ ባዶ ቦታም ሆነ ከክፍልፍል ውጭ የተተወ ቦታ፣ ኮንትሮለሩ ባዶነቱን እስካወቀ ድረስ፣ በጥቅሙ አንድ ነው፤ ልዩነታቸው የኋለኛው ተጠቃሚው በስሕተት እንዳይሞላው መጠበቁ ነው። ፋይሎችን እየለቀሙ በአንድ ቦታ የሚያሰባስበው የሃርድ ዲስክ ዘመን ዲፍራግመንቴሽን ደግሞ በዚህ አይረዳም፤ አድራሻ በሠንጠረዥ በሚመራበት ማከማቻ ላይ የሚጨምረው አላስፈላጊ ጽሕፈት ነው።

ስሕተቱ በተጠቃሚው ብቻ ቢሆን ማስተማር በበቃ ነበር፤ ዋናው ችግር ግን ገበያው ስሕተቱን የሚመግብ መለኪያ መያዙ ነው። በሣጥን ላይ የሚታተመውም ሆነ በብዙ ፈጣን ግምገማዎች የሚቀርበው ቁጥር የሚለካው ኤስኤስዲው አዲስና ባዶ ሳለ፣ ለጥቂት ሰከንድ በሚቆይ ጽሕፈት ነው። በዚያ ሁኔታ ሁሉም ገጽ ባዶ ነው፣ ካሹ ሙሉ ስፋቱን ይዟል፣ ጽዳት አልተጀመረም። ኤስኤንአይኤ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የማከማቻ ኢንዱስትሪ ማኅበር ለኤስኤስዲ ያወጣው የፍተሻ መመሪያ ግን እንዲህ ያለውን ልኬት አይቀበልም፤ በማከማቻው ላይ ያለው መረጃ መጀመሪያ በሙሉ እንዲጠፋ፣ ከዚያም ሙሉ መጠኑ ሁለት ጊዜ እንዲጻፍበት፣ ከዚያም ፍጥነቱ መዋዠቁን አቁሞ የተረጋጋ ሁኔታ ላይ እስኪደርስ በተከታታይ ዙሮች እንዲፈተሽ ይጠይቃል። ሙያው ራሱ እውነተኛው ፍጥነት የቱ እንደሆነ ከወሰነ ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ለተራው ገዢ የሚነገረው ግን አሁንም የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ፍጥነት ነው። ገዢው በጊጋባይት ብዛትና በባዶ ዕቃ ፍጥነት እንዲያወዳድር ሲደረግ፣ ብዙ ትርፍ ቦታ ያስቀመጠ ጥንቁቅ አምራች በመደርደሪያው ላይ ትንሽና ውድ መስሎ ይታያል፤ ያለውን ሁሉ ለሽያጭ የገለጠው ደግሞ ቸር ይመስላል።

ይህን ለማረም ኃላፊነቱ በሦስት ወገን ይወድቃል። አምራቾች ከአዲሱ ዕቃ ፍጥነት ጎን ለጎን የተረጋጋውን፣ ማከማቻው 80 እና 95 በመቶ በተያዘ ጊዜ የሚኖረውንና ካሹ ካለቀ በኋላ የሚቀረውን ፍጥነት ሊያትሙ ይገባል፤ እነዚህን ልኬቶች በቤተ ሙከራቸው ስለሚያውቋቸው መደበቃቸው ቴክኒካዊ ምክንያት የለውም። ገምጋሚዎች ባዶ ማከማቻ ላይ የተገኘን ውጤት ለብቻው ማቅረብ ሊያቆሙ ይገባል። የመሥሪያ ቤት ግዢ ክፍሎች ደግሞ በጨረታ ሰነዳቸው ላይ የጊጋባይት ብዛትና ዝቅተኛ ዋጋ ብቻ ማስፈር ትተው፣ የሚያስፈልጋቸውን የመረጃ መጠን፣ በዓመት የሚጠብቁትን ዕድገትና ለሥራ የሚተው ትርፍ ቦታን ደምረው መጠኑን ሊወስኑ፣ የተረጋጋ የጽሕፈት ፍጥነትንና በቴራባይት የተገለጠ የጽሕፈት ዋስትናን እንደ ግዴታ ሊጠይቁ ይገባል። 800 ጊጋባይት መረጃ ያለው መሥሪያ ቤት 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ሲገዛ 200 ጊጋባይት አላባከነም፤ የውስጥ ጽሕፈቱ በሦስት እጅ ያነሰ ማከማቻ ገዝቷል። ያንኑ 200 ጊጋባይት በአሮጌ ፋይሎች ቅጂ እንዲሞላ የፈቀደ የኮምፒውተር ክፍል ግን የተገዛውን ፍጥነትና ዕድሜ ለማይነበብ ሰነድ ለውጦታል።

የማከማቻ ዋጋ በጊጋባይት ብቻ እስከተቆጠረ ድረስ ትርፍ ቦታ ሁልጊዜ ኪሣራ መስሎ ይታያል። ዋጋው ማከማቻው በዕድሜው ሊሸከመው በሚችለው የጽሕፈት መጠንና ሥራ በበዛበት ሰዓት በሚሰጠው ምላሽ ሲቆጠር ግን ውጤቱ ይገለበጣል፤ ከሁሉ ውድ ሆነው የሚገኙት በመጨረሻ የተሞሉት ጊጋባይቶች ናቸው፤ ምክንያቱም እነርሱ የያዙት ጥቂት መረጃ የቀረውን ማከማቻ በሙሉ ያዘገየዋል፣ በሙሉም ያስረጀዋል። ኤስኤስዲ የሚገዛ ሰውም ሆነ ተቋም ትርፍ ቦታውን በበጀቱ ውስጥ እንደ አንድ የሥራ መሣሪያ ቆጥሮ መያዝ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህን ያላደረገ በጀት ለማከማቻው ከፍሎ ለሚሠራበት ቦታ ሳይከፍል የቀረ ጎዶሎ በጀት ነው።